ልብስን ከጥጡ እስከ ጨርቁ መከተል፤ በጫሞ አካባቢ ለሚኖር ሰው የተጻፈ የአለባበስ መመሪያ

በጋሞ ምድር የሚኖር ሰው፣ ሌላው ዓለም በብዙ ምርመራና በብዙ ድካም እንጂ ሊያገኘው የማይችለውን አንድ ዕድል ሳይደክም አግኝቷል፤ ይኸውም የሚለብሰው ልብስ ከምን እንደ ተገኘ፣ በማን እጅ እንደ ተሠራ፣ ካረጀም በኋላ ወዴት እንደሚሄድ በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ በዓይኑ ሊያይ መቻሉ ነው። ጥጡ በዓባያና በጫሞ ዳርቻ ባለው ቆላ ይበቅላል፤ ወደ ዶርዜና ወደ ጨንቻ ደጋ ወጥቶ በሴቶች እጅ ይፈተላል፣ በወንዶች እጅ ይሸመናል፤ ሸማው ተመልሶ ወደ አርባ ምንጭ ይወርዳል፤ ሲታጠብም እጣቢው በኩልፎ ወንዝ አድርጎ፣ የአዞ ገበያ በሚባለው ስፍራ አጠገብ ወደ ጫሞ ይገባል። በለንደን ወይም በሚላኖ የሚኖር ሰው የአንድ ሸሚዙን የትውልድ ሐረግ ልቍጠር ቢል ብዙ ባሕር መሻገር ያስፈልገዋል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የሚሰጠው ምክር ሁሉ በአንድ ነገር ላይ የተመሠረተ ነው፤ ልብስ ሲገዙ፣ ሲያጥቡ፣ ሲጠግኑና ሲጥሉ ይህን መንገድ ይከተሉ፤ መነሻውንም መድረሻውንም ሊያውቁት ያልቻሉትን ልብስ ግን ከመግዛትዎ በፊት ደግመው ደጋግመው ያስቡበት።

ከሁሉ አስቀድሞ ሣጥንዎን ይክፈቱ። ብዙ ሰው መልካም አለባበስን ከገበያ ሊጀምር ይወዳል፤ አስተዋይ ሰው ግን የሚጀምረው ከቤቱ ነው። ቀን ብርሃን ሳለ፣ በሣጥንና በመስቀያ ያለውን ሁሉ አውጥተው በአልጋ ላይ ይዘርጉትና፣ ካለፈው መስቀል ወዲህ የለበሱትን በአንድ ወገን፣ ያልለበሱትን በሌላው ወገን ይለዩ። መስቀልን የዘመን መለኪያ ያደረግሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ መስቀል፣ በጋሞዎች አጠራር ማስቃላ፣ በጋሞ ዘንድ የዓመት መባቻ፣ በአዲስ አበባ በሽመና ሥራ የተሰማራው ልጅ ወደ አባቱ ቤት የሚመለስበት፣ አዲስ ልብስም የሚለበስበት በዓል ስለ ሆነ፣ ሰው በዓመቱ ውስጥ ያለ አሳብ የሰበሰበውን ልብስ ለመቍጠር ከዚህ የተሻለ ቀን አያገኝም። ያልተለበሰውን ክምር አንድ በአንድ እያነሡ ምክንያቱን ይጠይቁ። የጠበበ ነውን? ቍልፉ የወለቀ ነውን? ወይስ ከመጀመሪያውም ለአንድ ቀን ብቻ የተሠራ ነበር?

ይህ የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ ካናቴራን ይመለከታል። በአገራችን ዛሬ ስብሰባ ያለ ካናቴራ፣ ሩጫ ያለ ካናቴራ፣ ምርቃት ያለ ካናቴራ፣ የማኅበር ጉዞም ያለ ካናቴራ የሚፈጸም አይመስልም፤ ሰው ሞቶ እንኳ ፎቶግራፉ በካናቴራ ላይ ታትሞ ለኀዘንተኛው ሲታደል እናያለን። የተጻፈበት ቀን ሲያልፍ ካናቴራውም አብሮ ያልፋል፤ አንድ ጊዜ ሳይታጠብ ያረጃል ማለት ነው። እርስዎ ከአዘጋጅ ኮሚቴው አባላት አንዱ እንደ ሆኑ፣ ካናቴራ ይታተም የሚል አሳብ በቀረበ ጊዜ፣ በዚያ ፈንታ ሁሉም ሰው በቤቱ ያለውን ነጭ ያገር ልብስ ለብሶ እንዲመጣ ያሳስቡ፤ ለገንዘብም ለዓይንም የሚሻለው ይህ ነው። የግድ ይታተም ከተባለም ቀኑና ዓመተ ምሕረቱ እንዳይጻፍበት ይከራከሩ፤ ቀን የሌለበት ካናቴራ ለከርሞ ይበቃልና። ለሠርግ በየጊዜው ስለሚሰፋው ወጥ ልብስ ብዙ አልናገርም፤ ሙሽራይቱን የሚያህል ኀይለኛ ኮሚቴ ስለሌለ ምክሬ እንደማይሰማ ዐውቃለሁ።

የሣጥንዎን ሀብት ካወቁ በኋላ የሚቀጥለው ትምህርት ጨርቅን በባሕርዩ መለየት ነው። ነጋዴ «ንጹሕ ጥጥ ነው» ብሎ ቢምልልዎ፣ መሓላውን እሳት ይመርምረው። ከልብሱ የውስጥ ስፌት አንድ ክር ይምዘዙ፤ በወረንጦ ይዘው፣ ከልጆችና ከመጋረጃ ርቀው፣ በሸክላ ሳሕን ላይ በክብሪት ያቃጥሉት። ጥጥ ከሆነ ቦግ ብሎ ይነድዳል፣ ሽታው የተቃጠለ ወረቀት ሽታ ነው፣ አመዱም በጣት ሲነካ ብን ብሎ ይጠፋል። ፖሊስተር ከሆነ ግን ከነበልባሉ ይሸሻል፣ ይኮማተራል፣ ይቀልጣል፤ ሽታው የላስቲክ ነው፣ ከቀዘቀዘም በኋላ በጣት የማይፈርስ ጠንካራ ጠጠር ይተዋል። ሱፍና ሐር የተቃጠለ ጠጕር ይሸታሉ። ጥጥና ፖሊስተር የተደባለቁበት ጨርቅ የሁለቱንም ምልክት ስለሚያሳይ፣ አመዱ ውስጥ ጠጠር ካለ ድብልቅ ነው ብለው ይፍረዱ። የሰው ዕቃ ከመደርደሪያ ላይ አንሥቶ ክር መምዘዝ ግን ነውር ስለ ሆነ ባለሱቁን አስቀድመው ያስፈቅዱ፤ እምቢ ቢል እምቢታው ራሱ መልስ ነው።

ይህ ልዩነት የሚጠቅመው ስለ ሁለት ነገር ነው። ፖሊስተር ከነዳጅ ዘይት የሚወጣ ነው፣ በታጠበም ቍጥር በዓይን የማይታይ ደቃቅ ጭረት ይለቃል፤ ያም ጭረት እንደ ጥጥ በስብሶ አፈር አይሆንም፣ ከእጣቢው ጋር ወርዶ በውሃና በደለል ውስጥ ይኖራል እንጂ። ሁለተኛው ምክንያት የሰውነት ምቾት ነው፤ ጥጥ ላብ ስለሚመጥጥ በአርባ ምንጭ በሲቀላ ሰፈር ሙቀት ውስጥ የዋለ ሰው ጥቅሙን ከማንም ይልቅ ያውቃል። ይህን ስል ፖሊስተርን ውጉዝ ከመ አርዮስ ማለቴ አይደለም፤ በክረምት ወደ ጨንቻ ለሚወጣ ሰው ዝናብ የሚከለክለው ካፖርት ከእርሱ የተሠራ ነው፣ ቶሎም ይደርቃል፣ ብዙ ዘመንም ያገለግላል። ጥፋቱ ብዙ ዘመን የሚኖረውን ነገር ለአንድ ቀን መግዛት ነው። ከጫሞ ዳርቻ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,100 ሜትር ያህል ከሆነው ቆላ፣ ተነሥቶ ከ2,500 ሜትር በላይ ወደ ሆነው የጨንቻ ብርድ በአንድ ጧት የሚወጣ ሰው፣ ለየአየሩ ልዩ ልዩ ልብስ ከመግዛት ይልቅ ቀጭን የጥጥ ልብስ ለብሶ ጋቢ በትከሻው ቢይዝ ሁለቱንም ይችላል፤ የአገሩ ሰው ከጥንት ጀምሮ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ገበያ እንውጣ። ያገር ልብስ ከሚሸመንበት ስፍራ ሊገዙ የፈለጉ እንደ ሆነ፣ የዶርዜ ገበያ ሰኞና ሐሙስ፣ የጨንቻ ገበያ ማክሰኞና ቅዳሜ ይቆማልና በዚያ ቀን ይውጡ። ሸማውን በእጅዎ ይዘው ወደ ፀሐይ ይዘርጉትና በመጀመሪያ ማጉን ይመልከቱ። ዛሬ የሚሸመነው ሸማ አብዛኛው ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፤ ማጉ ግን ወይ የእጅ ፈትል ነው፣ ወይ እርሱም የፋብሪካ ነው። የእጅ ፈትል የሆነው ማግ አንድ ስፍራ ወፈር፣ አንድ ስፍራ ቀጠን እያለ ይሄዳል፤ በጣት ሲዳሰስ ለስላሳ ለምዱ ይሰማል፤ ብርሃኑም በእርሱ ውስጥ ወጥ ሆኖ አያልፍም። የፋብሪካው ክር እንደ ተሰመረ መስመር ቀጥ ያለ ነው። ሁለቱም ጥጥ ስለ ሆኑ የፋብሪካውን ማግ አልነቅፍም፤ ነገር ግን ፈትሉ በታጠበ ቍጥር እየለሰለሰና ሙቀት እየያዘ የሚሄድ ስለ ሆነ፣ ለዘመናት ለሚለበስ ጋቢ ፈትሉን ይምረጡ፤ ዋጋውም በዚያው መጠን ከፍ ማለቱን ይወቁ።

ዋጋው ከፍ ያለበትን ምክንያት ያላየ ሰው በገበያ ላይ ሸማኔን ያለ ርኅራኄ ይከራከራል። አንዲት እናት ጥጡን በመዳመጫ ትዳምጠዋለች፣ ፍሬው ይለያል፤ በደጋን ትነድፈዋለች፣ ደመና እስኪመስል ይነፋል፤ አመልማሎ አድርጋ ጠቅልላ በእንዝርት ትፈትለዋለች፤ ልቃቂቱ እስኪሞላ ድረስ የምታወጣው ጊዜ፣ የሸማኔው ጊዜ ሳይቈጠር፣ ከብዙ ሰው ግምት ያልፋል። ሸማኔው ደግሞ እግሩን በጕድጓዱ ውስጥ ሰድዶ፣ መረገጫውን በእግሩ ጣቶች እየያዘ፣ ቀሰም የጎረሰውን መወርወሪያ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ሲያመላልስ ይውላል። በብዙው የአገራችን ክፍል ሸማኔ «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ የሚናቅበት ዘመን እንደ ነበረ የታወቀ ነው፤ በጋሞ ደጋ ግን ሽመና ማንም የገበሬ ልጅ የሚማረው፣ ከእርሻ ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ ጥበበ እድ ነው። ስለዚህ ሸማኔውን «ጋሼ፣ ማጉን ማን ፈተለው? ስንት ጊዜ ፈጀ?» ብሎ በአክብሮት መጠየቅ ነውር የለበትም፤ ደስ ብሎት ይነግርዎታል።

ሁለተኛው የሚመረመረው ጥለቱ ነው። ከጥቂት ዘመን ወዲህ የጥበብን መልክ በፖሊስተር ላይ በማተም እየተሠራ ከውጭ የሚገባ ጨርቅ በገበያ ሞልቷል፤ ከሩቅ ሲያዩት ጥበብ ነው፣ ከቅርብ ሲያዩት ሥዕል ነው። ለመለየት ጠርዙን ገልብጠው ጀርባውን ይዩ፤ የተሸመነ ጥለት ክሩ ወደ ጀርባም ያልፋል፣ ቋጠሮውም ይታያል፤ የታተመው ግን ጀርባው ፈዛዛ ወይም ነጭ ነው። በጣትም ሲዳስሱት የተሸመነው ጥለት ከሸማው ከፍ ብሎ ይሰማል። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር የሚፈራረቁበትን ዱንጉዛ ሲገዙ ደግሞ ነጭ እራፊ በውሃ አርሰው በማይታይ ጠርዙ ላይ አጥብቀው ይሹት፤ እራፊው ቀለም ከያዘ፣ ያ ዱንጉዛ ከነጭ ልብስ ጋር አንድ ቀን ቢታጠብ ነጩን ሁሉ እንደሚያበላሽ ይወቁ።

ሦስተኛው ምርመራ ከሁሉ የከበደ ነው፤ ሸማውን የሸመነው ማን ነው? ከጋሞ ደጋ ሕፃናት፣ ትምህርት ትማራላችሁ እየተባሉ፣ በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳና አካባቢው ከመወርወሪያ ጋር ከንጋት እስከ ምሽት እንዲውሉ የሚደረግበት ግፍ በብዙ ምርመራ የተገለጠ ነገር ነው፤ የአሜሪካ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤትም በእጅ የተሸመነውን የኢትዮጵያ ጨርቅ በሕፃናትና በግዳጅ ጉልበት ከሚሠሩት ዕቃዎች መዝገብ ውስጥ ጽፎታል። ይህን የሰማ ሰው ያገር ልብስ መልበስን ይተው ማለት አይደለም፤ ቢተወው የሚጐዳው ቤተ ሰቡን በሽመና የሚያስተዳድረው አባት ነው። ይልቅስ ከሸማኔው ከራሱ፣ ወይም ሸማኔዎቹ ከተሰበሰቡበት ማኅበር ይግዙ፤ ከሻጭ ከገዙም ከማን እንደ ተረከበ ይጠይቁ። ዋጋው ሊታመን እስከማይቻል ድረስ የረከሰ ሸማ ካዩ፣ አንድ ሰው ደመወዙን አልተቀበለም ማለት ነውና እጅዎን ይሰብስቡ። በዚህ ገበያ ላይ የምጨምረው አንድ የባለሙያ ምክር አለ፤ ሸማኔው ጋ አዝዘው ሲያሠሩ ከማጉና ከጥለቱ ክር ጥቂት ጥቂት በቀሰም ጠቅልሎ እንዲጨምርልዎ ይለምኑት። ከዓመታት በኋላ ሸማው ቢቀደድ፣ ከገበያ ቢፈልጉት የማይገኘው ያው ክር በሣጥንዎ ውስጥ ይጠብቅዎታል።

ስለ ጥጡ ራሱ ደግሞ ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። በአርባ ምንጭ ዙሪያ ጥጥና በቆሎ ይዘራበት የነበረው ብዙ መሬት ዛሬ ሙዝ ለብሷል፤ ገበሬው ትርፉን ዐይቶ ቢያደርገው አይፈረድበትም። ደግሞም ጥጥ ብዙ ውሃና ብዙ መድኀኒት የሚሻ አዝመራ ነው፤ በመካከለኛው እስያ የነበረው የአራል ባሕር፣ ወደ እርሱ የሚፈሱት ወንዞች ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለጥጥ መስኖ ስለ ተጠለፉ፣ ከዓሣ አጥማጆቹ መርከብ ሥር ሸሽቶ አብዛኛው ምድረ በዳ ሆኗል፤ በሐይቅ ዳር የሚኖር ሰው ይህን ታሪክ ቸል ብሎ ሊያልፈው አይገባም። በዚሁ በጫሞ ወገን ግን ሌላ መንገድ ተጀምሯል። ፓን ኢትዮጵያ የተባለው ማኅበር በአርባ ምንጭ አካባቢ ጥቂት መሬት ያላቸውን የጥጥ ገበሬዎች ያለ ኬሚካል መድኀኒት እንዲያመርቱ አስተምሯል፤ ጓይ ትልን በመርዝ ከመግደል ፈንታ፣ ከበቆሎ ወይም ከእርሾ የተዘጋጀ መብል በጥጡ ላይ ይረጫል፣ በዚያም ሽታ ተስበው የሚመጡት ጥንዚዛዎችና ሌሎች ጠቃሚ ነፍሳት የትሉን ዕንቍላል እየለቀሙ ይበላሉ። የሚያስደንቀው፣ ለዚህ ሥራ ገንዘብ ከሰጡት አንዱ ትሬይድ የሚባለው የለንደን የበጎ አድራጎት ድርጅት ሲሆን፣ ገንዘቡንም የሚያገኘው የእንግሊዝ ሰዎች ለብሰው የተዉትን ልብስ ሰብስቦ በመሸጥ ነው። እንግዲህ ሸማኔውን ወይም ነጋዴውን «ጥጡ ከየት ነው?» ብለው ሲጠይቁ ጥያቄዎ ከንቱ አይደለም፤ ገዢ ካልጠየቀ ያለ መርዝ የተመረተው ጥጥ ከሌላው ጥጥ ጋር ተደባልቆ በአንድ ዋጋ ይሸጣል።

የፋብሪካ ልብስን በሚመለከት በአጭሩ እናገራለሁ። ሚያዝያ 16 ቀን 2005 ዓ.ም. በባንግላዴሽ ራና ፕላዛ የተባለው የልብስ ስፌት ሕንፃ ፈርሶ 1,134 ሰዎች ካለቁ ወዲህ፣ የረከሰ ልብስ ዋጋ የሚከፈለው በገንዘብ ብቻ እንዳልሆነ ዓለም ሁሉ ዐውቋል። ሲገዙ ልብሱን ገልብጠው ስፌቱን ይዩ፤ ትርፍ ጨርቅ በውስጥ የተተወለት ልብስ ሊሰፋና ሊጠገን ይችላል፣ እስከ ጠርዙ ተቈርጦ የተሰፋው ግን ሰውነትዎ ጥቂት ቢወፍር አለቀለት። ቍልፎቹን ሳብ ሳብ ያድርጉ፤ ዚፑን ደጋግመው ይክፈቱና ይዝጉ። ለልጆች የተማሪ ቤት ዩኒፎርም ሲያሰፉ ደግሞ የሱሪውና የቀሚሱ እጥፋት አራት ጣት ያህል እንዲሆን ልብስ ሰፊውን ያዝዙት፤ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እየፈቱ ያስረዝሙታል፣ ለታናሽ ሲተላለፍም እንደ ገና ያሳጥሩታል።

ልባሽ ጨርቅ፣ በተለምዶ ሳልቫጅ የሚባለው፣ ጥያቄ የሚያስነሣ ነገር ነው። ሌላ ሰው የለበሰውን መልበስ ነውር አይደለም፤ መጥምቁ ዮሐንስ ስለ ሁለት ልብስ ለሕዝቡ የሰጠውን ትእዛዝ የሚያስታውስ ምእመን ይህን አይስተውም። ነገር ግን በቦንዳ ታስሮ የሚመጣው ልባሽ ጨርቅ ወደ አገር እንዳይገባ በሕግ የተከለከለ ስለ ሆነ የሚገባው በኮንትሮባንድ ነው፤ በጋና አክራ ካንታማንቶ በሚባለው ታላቅ ገበያ እንደሚታየውም፣ ከቦንዳው ውስጥ የማይሸጠው ቍሻሻ ሆኖ በባሕሩ ዳር ይከመራል። ስለዚህ ያገለገለ ልብስ በቤተ ሰብና በጎረቤት መካከል እንዲዘዋወር ያድርጉ። የአክስት ልጅ የጠበበው ሱሪ፣ የእኅት ልጅ ያጠረባት ሹራብ ከማንኛውም ቦንዳ ይልቅ ታሪኩ የታወቀ ነው።

ልብስን ዕድሜ የሚያሳጥረው ብዙ ጊዜ መለበሱ ሳይሆን መታጠቡ ነው፤ ስለዚህ በዚህ ላይ ጥቂት እንቈይ። ጋቢ በየሳምንቱ የሚታጠብ ልብስ አይደለም፤ አየር እንዲያገኘው በማለዳ ፀሐይ ላይ ይዘርጉት፣ የቈሸሸውን ጠርዙን ብቻ በእጅ ይሹት፣ ሙሉውን የሚያጥቡት የግድ ሲሆን ነው። ባለ አራት ድርብ ስለ ሆነ ሌሊቱን በሳፋ ዘፍዝፈው በማግስቱ በእግር ይርገጡት፤ ውሃው ከወጣ በኋላ አይጭመቁት፣ አጣጥፈው ይጫኑት እንጂ፤ መጠምዘዝ የእጅ ፈትሉን ይበጥሰዋል። ነጠላና ኩታ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠቡ፤ የጥለቱ ክር ብዙ ጊዜ ሰው ሠራሽ ስለ ሆነ በረኪና አይንካው፣ ጥለቱም ወደ ውስጥ ታጥፎ በጥላ ይድረቅ። ጥለት የሌለበት ነጭ ሸማ ግን ፀሐይ ቢያገኘው ይነጣል፤ በፀሐይ የሚነጣውን በበረኪና ማንጣት ጥጡን ማቃጠል ነው። ሲደርቅ ንጹሕ በሆነ ነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ያስቀምጡ፤ በፌስታል የታሰረ ሸማ እርጥበት ይዞ ይበልዛል።

ስለ እንዶድ ሳልናገር ማለፍ አይገባኝም። አያቶቻችን ነጭ ልብሳቸውን ያጥቡበት የነበረው ይህ ተክል፣ ፍሬው ደርቆ ተወቅጦ በውሃ ሲቀላቀል አረፋ እያወጣ፣ የጥጡን ክር ሳይጐዳ ያነጣል፤ ለነጠላና ለጋቢ ከዱቄት ሳሙና ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ይሁን እንጂ እንዶድ አጣቢ ብቻ አይደለም፣ ገዳይም ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች የወንዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ፤ ከዚህም ተነሥተው የብልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንዶድ እንደሚያጠፋ በምርምር አረጋገጡ፣ በ1989 እ.ኤ.አ.ም ከባልንጀራቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ቀንድ አውጣን የሚገድል ውሃ ዓሣንም ይገድላል። ስለዚህ በኩልፎ ዳር ወይም በሐይቁ ዳር በእንዶድ ልብስ አይታጠብ፤ ቆሮሶውም አምባዛውም የሚኖሩት በዚያ ውሃ ነው፤ ልጆች እንዳይቀምሱትም ፍሬውን ከፍ ባለ ስፍራ ያኑሩት። በእንዶድም ይሁን በሳሙና፣ በግቢዎ ውስጥ በሳፋ አጥበው እጣቢውን ከምንጭና ከወንዝ ርቆ በደረቅ አፈር ላይ ያፍስሱ፤ አፈሩ ያጣራዋል። ከከተማው በታች የሚፈልቁት ምንጮች የመጠጥ ውሃችን መሆናቸውን የሚያስብ የአርባ ምንጭ ሰው ይህን ምክር ከባድ አያደርገውም።

ጥገና ቀን ሲቈርጡለት እንጂ «ሲመቸኝ» ሲሉት አይፈጸምም። በወር አንድ ቅዳሜ ይወስኑለትና፣ መርፌ፣ ክርና ከአሮጌ ልብስ የተነቀሉ ቍልፎች በአንድ ቆርቆሮ ውስጥ ያዘጋጁ። ትንሽ ቀዳዳ ሳይሰፋ በዚያው ቀን ይደፈን፤ ሸማ ከሆነ ሸማኔው የሰጠዎትን ማግ በመርፌ ሰክተው አንዱን ድር ከላይ፣ አንዱን ከታች እያለፉ ይሸምኑት፤ ወጥ አይሆንም፣ ነገር ግን ይይዛል። ለሱሪ ጕልበት እራፊውን ከውስጥ በኩል ይጣፉት፤ የእራፊው ጨርቅ እንደ ልብሱ ያረጀ ይሁን፣ አዲስ ጨርቅ በታጠበ ጊዜ ሲሰበሰብ አሮጌውን ይቀድደዋልና። የሸሚዝ ኮሌታ ሲበላ ሸሚዙ አልቋል አይበሉ፤ በገበያ በር ላይ መኪናውን አስቀምጦ የሚሰፋ ማንኛውም ልብስ ሰፊ ኮሌታውን ፈትቶ፣ ገልብጦ፣ መልሶ ይሰፋልዎታል። የሳሳ ጋቢም እንዲሁ ነው፤ ድርቡን አስፈትተው፣ ያለቀውን ወገን ወደ ውስጥ፣ ጠንካራውን ወደ ውጭ አድርገው ቢያሰፉት ብዙ ክረምት ይጨምራል።

በመጨረሻ ጥጥ ጥጥነቱን ሳይተው በብዙ ማዕርግ ይወርዳል። ያረጀ ነጠላ ከሰው ልብስ ሁሉ የለሰለሰ ስለ ሆነ ለሕፃን መጠቅለያ ይመረጣል፤ ከዚያ በኋላ የእንጀራ መሸፈኛ፣ ከዚያም የምጣድ ማሰሻ ይሆናል። ሲበጣጠስ ሰው ሠራሽ የሆነውን ጥለቱን ቈርጠው ያውጡለትና፣ ጨርቁን ከከብት እበት ጋር ደባልቀው በእንሰቱ ሥር ይቅበሩት፤ አፈር ይሆናል። ፖሊስተር ግን ይህ ዕድል የለውም። በጓሮ አያቃጥሉት፤ ጢሱ የላስቲክ ጢስ ነው፣ ልጆችም ይተነፍሱታል። ወደ ኩልፎ ገደልም አይጣሉት፤ ጎርፍ ወስዶ ሐይቁ ውስጥ ያስገባዋል። ቍልፉንና ዚፑን ነቅለው ወደ ቆርቆሮዎ ይመልሱ፤ ጨርቁን በመቀስ ደቃቅ አድርገው ይቈራርጡትና በማዳበሪያ ከረጢት ያጠራቅሙት፤ ከረጢቱ ሲሞላ ለመደብ ትራስ ወይም ለመቀመጫ ያስጠቅጥቁት፤ የትራሱን ልብስ ግን፣ ሰው ፊቱን የሚያሳርፍበት ነውና፣ ከጥጥ ያሰፉለት።